በደብር ደን አፈር ውስጥ የካርቦን ዑደት፦ ክምችቱን ለክቻለሁ፣ እንቅስቃሴውን እንዴት ልከታተለው?

የደብር ደን ተማሪ፣ ጥር 9

ጤና ይስጥልኝ። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራው በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ላይ ነው። በደኑ ውስጥ ዝግባ፣ ጥድ፣ ወይራ፣ ብሳናና ዋንዛ ይበዛሉ። በስተምሥራቅ የጤፍ ማሳ ያዋስነዋል፤ በስተደቡብ ደግሞ ቀድሞ ማሳ በነበረ መሬት ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ አለ። ሦስቱም ቦታዎች በአንድ ዓይነት ቀይ አፈር ላይ ስለሚገኙ፣ ከአንድ መነሻ ተነሥተው የተለያዩ ሦስት ታሪኮችን ጎን ለጎን ያሳዩኛል ብዬ ነው የመረጥኳቸው።

በኅዳር ወር ከእያንዳንዱ ቦታ ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ናሙና ወሰድኩና ኦርጋኒክ ካርቦኑን በዎክሌይና ብላክ ዘዴ አስለካሁ። ውጤቱ ማንም ሊገምተው የሚችል ነው፤ የደኑ ከፍተኛ፣ የማሳው ዝቅተኛ ሆኖ ባሕር ዛፉ በመካከል ላይ ይገኛል። ቁጥሮቹን ለአማካሪዬ ሳቀርብላቸው ግን የጠየቁኝ ነገር እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም፦ «ርእስሽ የካርቦን ዑደት ይላል፤ ይህ ያመጣሽው በአንድ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። የሚገባውና የሚወጣው የታለ?»

እውነት ነው፤ የለም። ቅጠሉ ረግፎ፣ በስብሶ፣ ከፊሉ ወደ አየር ተመልሶ ከፊሉ በአፈር ውስጥ እንደሚቀር ከመጻሕፍት አውቃለሁ፤ በእኔ ደን ውስጥ ግን ይህ በምን ፍጥነት እንደሚከናወን፣ በማሳው ላይ የጎደለው ካርቦንስ መቼና በየት በኩል እንደሄደ ለማሳየት የሚያስችል አንድም ልኬት የለኝም። ትምህርት ክፍላችን ከአፈር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ የኢንፍራሬድ መሣሪያ የለውም። ያለኝ ጊዜ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ሲሆን፣ ገንዘቡም ውስን ነው።

ሌላም የምናዘዘው ጉድለት አለ። የአፈሩን እፍግታ ለማወቅ በብረት ቀለበት ናሙና የወሰድኩት ከደኑ ብቻ ነው፤ ለማሳውና ለባሕር ዛፉ ከሌሎች ጥናቶች ያገኘሁትን ቁጥር ልጠቀም አስቤ ነበር። ይህ ያስኬዳል ወይ? በቀረኝ ጊዜስ ዑደቱን በእርግጥ የሚያሳይ፣ አቅሜ የሚፈቅደው ልኬት የትኛው ነው? በሥራው ያለፋችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።


የአፈር ቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ጥር 10

እህቴ፣ አማካሪዎ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። ሆኖም ወደ እንቅስቃሴው ከመሄዳችን በፊት ፎቶግራፉ ራሱ እንዳይዛባ እሰጋለሁና ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። የእፍግታ ቁጥር ከሌላ ሰው ጥናት መዋስ አያስኬድም። አንድ አፈር ደን ሆኖ ሲኖር በሥርና በትል የተቦረቦረ፣ የላላና ቀላል ነው፤ ሲታረስና ከብት ሲረግጠው ይጠቀጠቃል። ስለዚህ በሁለቱ ቦታዎች እኩል 20 ሳንቲ ሜትር ሲቆፍሩ የሚያወጡት የአፈር መጠን እኩል አይደለም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት በምሳሌ ልግለጸው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የመረጥኳቸው ናቸው። የደኑ አፈር 5 በመቶ ካርቦን፣ የማሳው 2 በመቶ ይኑረው፤ የደኑ እፍግታ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 0.8 ግራም፣ የማሳው 1.2 ግራም ይሁን። የካርቦን መቶኛው፣ እፍግታውና የጥልቀቱ ሳንቲ ሜትር ሲባዙ በሄክታር ስንት ቶን ካርቦን እንዳለ ይሰጡናል። ለደኑ 80 ቶን፣ ለማሳው 48 ቶን ይሆናል፤ ማሳው 40 በመቶ አጣ ማለት ነው። አሁን ግን የአፈሩን ክብደት ይመልከቱ፦ በደኑ 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው በሄክታር 1600 ቶን አፈር ሲሆን፣ በማሳው 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው 2400 ቶን ነው። ለማሳው 800 ቶን ተጨማሪ አፈር ሰጥተን ነው ያወዳደርነው። ፍትሐዊ እንዲሆን በደኑ ውስጥ ወደ ታች ወርደን የጎደለውን 800 ቶን መጨመር አለብን። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለው የደን አፈር እፍግታው 0.9፣ ካርቦኑ 3 በመቶ ቢሆን፣ 800 ቶን ለማግኘት ወደ 9 ሳንቲ ሜትር መውረድ ይበቃል፤ በውስጡም 24 ቶን ካርቦን አለ። እንግዲህ የደኑ 104 ቶን ከማሳው 48 ቶን ጋር ሲነጻጸር፣ ጉድለቱ 40 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 54 በመቶ ይሆናል። አንድ ጥልቀት ሳይሆን አንድ ክብደት ማወዳደር የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ከሦስቱም ቦታዎች የቀለበት ናሙና ይውሰዱ፤ ከ20 ሳንቲ ሜትርም በታች ይውረዱ። የአየር ንብረት ለውጥ ኢንተርገቨርመንታል ፓነል በመመሪያው የሚጠቀምበት መደበኛ ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሚቻልዎት ከሆነ ግን እስከ 50 ቢደርሱ ይመረጣል።

ድንጋዩንም አይርሱ። ከዓመታት በፊት በአንድ ፕሮጀክት ስሠራ፣ ከብዙ ተራራማ ቦታዎች የመጣውን ናሙና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍተን፣ በወንፊቱ ላይ የቀረውን ጠጠር ሳንመዝን ጣልነው። ጠጠር ካርቦን አይይዝም፤ ነገር ግን ቦታ ይይዛል። ምን ያህል እንደነበር ባለማወቃችን በሄክታር ያሰላነው ክምችት በሙሉ ከእውነቱ በላይ ሆነ፤ ናሙናውን እንደገና ለመውሰድም የሚሆን በጀት አልነበረም። ያ ሁሉ ድካም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እርስዎ ጠጠሩን ይመዝኑ፣ ይመዝግቡ፣ ከዚያ በኋላ ይጣሉት።

ስለ ዎክሌይና ብላክ ዘዴም አንድ ነገር ላክል። ዘዴው ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት፣ ርካሽና የታመነ ነው፤ ይሁን እንጂ ካርቦኑን ለማቃጠል የሚጨመረው ኬሚካል፣ ዳይክሮሜቱ፣ ሁሉንም አያቃጥልም። በአማካይ 77 በመቶ ያህሉን ያገኛል ተብሎ ውጤቱ በ1.3 ይባዛል። ይህ አባዢ ለሁሉም አፈር አንድ አይደለም። በተለይ ከሰል ያለበት አፈር፣ ማለትም ጥንት ተመንጥሮ የተቃጠለ ማሳ፣ በዚህ ዘዴ ሲለካ ከሰሉ ከፊሉ ብቻ ይታያል። ከናሙናዎ ጥቂቶቹን በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ የሚለካ መሣሪያ ወዳለበት ቤተ ሙከራ ልከው ሁለቱን ውጤቶች ቢያነጻጽሩ፣ የራስዎን አባዢ ያገኛሉ።

ስለ እንቅስቃሴው ሌሎች ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ፤ አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ክምችቱን ለዓመታዊው ገቢ አካፍሎ «ካርቦኑ በአፈር ውስጥ በአማካይ ይህን ያህል ዓመት ይቆያል» ማለት የተለመደ ነው። 104 ቶን ክምችትና በዓመት 5 ቶን ገቢ ቢኖር 21 ዓመት ገደማ ይመጣል። ይህ አማካይ እውነተኛውን ነገር ይሸፍናል። በዚያ አፈር ውስጥ ከጥቂት ወራት በፊት የወደቀ የብሳና ቅጠልም፣ በሸክላና በብረት ኦክሳይድ ላይ ተጣብቆ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ካርቦንም አብረው አሉ። ሁለቱን ሳይለዩ ስለ ዑደት መናገር ያስቸግራል።


ከኡሜኦ፣ ጥር 11

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በሰሜን ስዊድን የደን አፈር ላይ የዶክትሬት ጥናቴን እየሠራሁ ነው። የምኖርበት አገር ደን ከጎንደሩ ጋር በአየር ጠባይም በዛፍ ዓይነትም አይገናኝም፤ ነገር ግን እዚህ አካባቢ የተደረገ አንድ ሙከራ የጥያቄሽን ልብ ስለሚነካ ላነሣው ወደድኩ።

ከኡሜኦ ብዙም በማይርቅ የጥድ ደን ውስጥ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የብዙ ዛፎችን ቅርፊት ዙሪያውን ላጡት። ቅርፊቱ ሲላጥ ውኃ በግንዱ እንጨት በኩል ወደ ላይ መውጣቱን ይቀጥላል፤ ቅጠሉ የሠራው ስኳር ግን ወደ ሥር መውረዱ ይቋረጣል። ከአምስት ቀን በኋላ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስከ 37 በመቶ፣ ከአንድና ሁለት ወር በኋላ ደግሞ እስከ 54 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው የአፈር ትንፋሽ በዋነኛነት ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣ ይመስለው ነበር። ሙከራው ያሳየው ግን ግማሽ ያህሉ ዛፉ በዚያው ሰሞን ከፀሐይ ብርሃን የሠራው፣ በሥሩና በሥሩ ዙሪያ በሚኖሩ ፈንገሶች በኩል ተመልሶ የወጣ ትኩስ ካርቦን መሆኑን ነው።

ይህን ያነሣሁት ከአፈር የምትለኪው ጋዝ ምን እንደሚነግርሽና ምን እንደማይነግርሽ ከወዲሁ እንድታውቂ ነው። በደኑ ውስጥ ትንፋሹ ከማሳው በእጥፍ ቢበልጥ፣ «የደኑ አፈር ካርቦኑን በፍጥነት እያጣ ነው» ማለት አይደለም። ሕያው ሥር ስለበዛበት ሊሆን ይችላል። ወጪው ትርጉም የሚኖረው ከገቢው ጋር ሲታይ ነው።

መሣሪያ ስለሌለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሶዳ ላይም የሚባለው ነጭ ጠጠር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይስባል። ጠጠሩን በ105 ዲግሪ ሴልሲየስ አድርቀሽ፣ በጣሳ መዝነሽ፣ አፈሩ ላይ አስቀድሞ በተተከለ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስቀምጠሽ ለ24 ሰዓት አጥብቀሽ ትከድኚዋለሽ። በማግሥቱ እንደገና አድርቀሽ ትመዝኚዋለሽ። ጋዙ ሲዋሐድ የሚፈጠረው ውኃ በማድረቁ ጊዜ ስለሚተን፣ የክብደቱን ጭማሪ በ1.69 ማባዛት ያስፈልጋል፤ ከዚያም በ12 አባዝተሽ ለ44 ስታካፍዪው የካርቦኑን መጠን ታገኛለሽ። ታቹ የተደፈነ ቱቦ ውስጥ ተመሳሳይ ጣሳ አስቀምጠሽ የአየሩን ድርሻ መቀነስ እንዳትረሺ። ቱቦዎቹን ከልኬቱ ቢያንስ ከጥቂት ቀናት በፊት ትከያቸው፤ በተተከሉበት ዕለት የተረበሸው አፈር ያልተለመደ ብዙ ጋዝ ያወጣል።

መቼ ትለኪያለሽ የሚለው ምን ትለኪያለሽ ከሚለው እኩል ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ በኬንያ ሙጉጋ ይሠራ የነበረ ኤች ኤፍ በርች የሚባል ተመራማሪ፣ ደርቆ የከረመ አፈር ውኃ ሲያገኝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጅግ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ በዝርዝር አጠና፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጽሑፍ በኋላ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። በደረቁ ወራት የሞቱት ረቂቅ ተሕዋስያንና በድርቁ የተሰነጠቁት የአፈር እንክብሎች ያጋለጡት ምግብ፣ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይበላል። ይህ እውቀት የተገኘው በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ ስለሆነ ለእኛ አገር የሩቅ ነገር አይደለም። በደረቁ የካቲትና በእርጥቡ ነሐሴ ብቻ ብትለኪ፣ ምናልባት የዓመቱን ትልቁን ትንፋሽ ሳታዪው ያልፍሻል። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ዕለት፣ በማግሥቱ፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ለኪ። ደመናውን እያየሽ ቦታው ላይ መክረም ሊኖርብሽ ነው፤ ከዚህ ጥናት ሁሉ እኔ የምጓጓለት ቁጥርም ይኸው ነው።

ገቢውን ለማወቅ ደግሞ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተዘረጉ የመረብ መያዣዎች ይበቃሉ። በየሁለት ሳምንቱ የረገፈውን እየሰበሰብሽ፣ እያደረቅሽ፣ ቅጠሉን ከእንጨቱና ከፍሬው እየለየሽ ትመዝኛለሽ። አደራ፣ ከአንድ ሙሉ ዓመት ያነሰ ልኬት ወደ ዓመታዊ አትቀይሪ፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን በሁሉም ወር እኩል አያረግፉም።


የደብር ደን ተማሪ፣ ጥር 12

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀለበት ናሙናውን በሚመጣው ሳምንት ከሦስቱም ቦታዎች እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ እወስዳለሁ። ሁለት ነገሮችን ግን ግልጽ ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው፣ የሥሩን ትንፋሽ ከብስባሹ ለመለየት ትንሽ ቦታ ዙሪያውን በቦይ ቆፍሮ ሥሮቹን መቁረጥ እንደሚቻል አንብቤያለሁ። ይህን በደኑ ውስጥ ላድርገው ወይ? ሁለተኛው፣ በማሳው አፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ምን ያህሉ ከጥንቱ ደን የተረፈ፣ ምን ያህሉ ከሰብሉ የመጣ እንደሆነ በካርቦን 13፣ ማለትም ከተለመደው ጥቂት በሚከብደው የካርቦን ዓይነት፣ መለየት ይቻላል ይባላል። ጤፍ ለዚህ ይመቻል ወይ?


የጉና ልጅ፣ ጥር 12

እኔ ያደግሁት በዚያው አካባቢ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ስለ መጀመሪያው ጥያቄሽ በቀጥታ ልመልስ፦ በደብር ደን ውስጥ ቦይ አትቆፍሪ፣ ሥርም አትቁረጪ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ቅጠሉ እንኳን ሲነካ የሚያሳዝነው ሕዝብ ሥሩ ተቆርጦ ቢያይ ለአንቺም ከአንቺም በኋላ ለሚመጡ ተማሪዎች በሩ ይዘጋል። ሁለተኛው ምክንያት መቃብር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ ያለው መሬት ትውልድ ሲቀበርበት የኖረ ስለሆነ፣ ምልክት በሌለበት ቦታ እንኳ የቀደመ መቃብር ሊኖር ይችላል። ይህ የክብር ጉዳይ ነው፤ የሳይንስ ጉዳይም ነው። ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ከላይ ያለው ወደ ታች፣ ከታች ያለው ወደ ላይ ስለሚገለበጥ በጥልቀት የምትለኪው ካርቦን ትርጉም ያጣል። አስቀድመሽ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከቄሰ ገበዙ ጋር ደኑን አብራችሁ ዙሩ፤ የት እንደሚቀበርና የት ተቀብሮ እንደማያውቅ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ባየሁት፣ ምን እንደምትለኪና ለምን እንደሆነ በግልጽ ከነገርሻቸው ደኑ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ሥራ ይወዳሉ፤ ውጤቱንም መልሰሽ ንገሪያቸው። ናሙናውን ጉድጓድ በመቆፈር ሳይሆን በጠባብ አውገር (የአፈር መሰርሰሪያ) ውሰጂ፤ ቀዳዳውንም መልሰሽ ድፈኚው።

አሁን ደግሞ እስካሁን ማንም ያላነሣውን ነገር ልናገር። ያንቺ ጥናት በማሳው ላይ የጎደለው ካርቦን በስብሶ ወደ አየር እንደወጣ ያስባል። አገሩን ለሚያውቅ ሰው ግን ሌላ መንገድም አለ። ደብሩ እንደ ብዙዎቹ በጉብታ ላይ ከሆነ፣ ማሳው ከሥሩ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ጤፍ ደቃቅ ዘር ስለሆነ ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፤ በሐምሌ የሚዘራው ባዶና የላላ መሬት ላይ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ነው። በዚያ ሰዓት የሚወርደው ጎርፍ ቀይ ሆኖ የሚወርደው የላይኛውን አፈር ይዞ ስለሆነ ነው፤ ካርቦኑ ደግሞ ያለው እዚያው የላይኛው አፈር ላይ ነው። ከጉና ወገን የሚወርደው ውኃ በርብና በጉማራ በኩል ፎገራ ሜዳን አቋርጦ ጣና ይገባል። አንቺ «ጠፋ» ብለሽ የምትመዘግቢው ካርቦን ከፊሉ ከማሳው ግርጌ እርከን አግዶት፣ ከፊሉም በፎገራ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። የጠፋና ቦታውን የቀየረ ካርቦን በክምችት ልኬት አንድ ይመስላሉ፤ ለዑደቱ ግን አንድ አይደሉም።

ይህን ሙሉ በሙሉ ለመለየት የአንድ ዓመት ሥራ አይበቃም። ግን ቢያንስ ማሳውን በሦስት ከፍለሽ ከላይኛው፣ ከመካከለኛውና ከታችኛው ክፍል ለየብቻ ናሙና ውሰጂ፤ በተለይ እርከን ካለ፣ ከእርከኑ በላይ የተከማቸውን አፈር እስከ ታች ድረስ ለኪው። የታችኛው ክፍል ከላይኛው እጅግ የሚበልጥ ካርቦን ካለው፣ ያጣሽው ጉዳይ ከፊሉ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ባሕር ዛፉም ባለቤቱን ጠይቂ። ቅጠሉ ተጠርጎ ለማገዶ ይወሰዳል ወይስ እዚያው ይቀራል? መቼ ተተከለ፣ ስንት ጊዜስ ተቆረጠ? በማሳውም ላይ ጭዱ ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ የሚሄድ ከሆነ፣ ወደ አፈሩ የሚመለሰው ሥሩና ቆረኑ ብቻ ነው። እነዚህን ነገሮች የትኛውም መሣሪያ አይነግርሽም፤ ባለመሬቱ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይነግርሻል።


የአፈር ቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ጥር 13

የጉና ልጅ ያሉት ስለ ተዳፋቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ለዓመታት የሰው ናሙና ስለካ ከየትኛው የማሳው ክፍል እንደመጣ የጻፈልኝ ተማሪ ጥቂት ነው።

ወደ ካርቦን 13 ልመለስ። አዎ፣ ጤፍ ለዚህ ይመቻል። ዕፀዋት ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። ዛፎች፣ ስንዴ፣ ገብስና ጥራጥሬ በአንደኛው መንገድ የሚሄዱ ሲሆን፣ በቲሹአቸው ውስጥ ያለው የካርቦን 13 መለኪያ ከሺሕ −27 አካባቢ ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ብዙ የቆላ ሣሮች በሌላው መንገድ ስለሚሄዱ መለኪያቸው −13 አካባቢ ነው። ስለዚህ ደን ተመንጥሮ ጤፍ ሲዘራበት፣ አፈሩ ውስጥ የሚገባው አዲሱ ካርቦን ከአሮጌው የተለየ መታወቂያ ይዞ ይገባል። ለምሳሌ የደኑ አፈር −25፣ ጤፉ −13፣ የማሳው አፈር −20 ቢሆን፣ አፈሩ ከ12 ነጥብ ልዩነት ውስጥ 5ቱን ተጉዟል፤ ማለትም 42 በመቶ ያህሉ ካርቦን ከጤፉ የመጣ፣ 58 በመቶው ከደኑ የተረፈ ነው። በአገራችንም በሙኔሳና በውሽውሽ በተደረጉ ጥናቶች፣ ደን ወደ እርሻ መሬት ሲለወጥ የሚሆነውን ለመከታተል ይህ ዘዴ ሠርቷል።

ሆኖም መጠንቀቅ ያለብዎት ነገር አለ። ገበሬው ጤፍ ብቻ አይዘራም። አንድ ዓመት ጤፍ፣ ቀጥሎ ባቄላ ወይም ሽምብራ፣ ሌላ ዓመት ገብስ ከሆነ፣ ጥራጥሬውና ገብሱ እንደ ዛፍ ስለሚቆጠሩ የአዲሱ ካርቦን ድርሻ አንሶ ይታያል። የሰብሉን ቅደም ተከተል ያለፉትን 10 ዓመታት ያህል ከባለ ማሳው ጠይቀው ይመዝግቡ። ማሳው የገብስ አገር ቢሆን ኖሮ ዘዴው ጨርሶ አይሠራም ነበር። እንዲሁም በደኑ አፈር ውስጥ ራሱ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር መለኪያው በአንድና በሁለት ነጥብ ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ የማሳውን ንብርብር ሁልጊዜ ከዚያው ጥልቀት የደን ንብርብር ጋር እንጂ ከላይኛው ጋር አያወዳድሩ።

ይህ ልኬት ወደ ውጭ አገር ተልኮ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት በእኛው ቤተ ሙከራ ሊሠራ የሚችል አንድ ርካሽ ነገር እመክርዎታለሁ። አፈሩን በሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ውኃ ውስጥ አንድ ሌሊት አንቀጥቅጠው፣ በ53 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ያጥቡት። ከላይ የሚቀረው ገና ያልፈረሰ የቅጠልና የሥር ስብርባሪ ከአሸዋው ጋር ነው፤ ከታች የሚያልፈው በደለልና በሸክላ ላይ የተጣበቀው ነው። ስብርባሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚለዋወጥ፣ የተጣበቀው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው። ቀደም ሲል አሮጌና አዲስ ካርቦንን ሳይለዩ ስለ ዑደት መናገር ያስቸግራል ያልኩት ለዚህ ነው፤ በአንድ ወንፊትና በአንድ ማንቀጥቀጫ ቢያንስ ግማሽ መንገድ ይሄዳሉ። የካርቦን 13 ልኬቱንም በሁለቱ ክፍሎች ላይ ለየብቻ ቢያሠሩ፣ ጥቂት ናሙና ብቻ ልከው ብዙ ይማራሉ። ጤፉ በስብርባሪው ውስጥ በፍጥነት የደንን ቦታ ይዞ፣ በሸክላው ላይ ግን ደኑ ገና ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ።


ከኡሜኦ፣ ጥር 13

ስለ ቦዩ የጉና ልጅ ባሉት እስማማለሁ። እዚህ አገር ዛፍ ሲላጥ ሰው ዝም የሚለው ደኑ ለሙከራ የተከለለ ስለሆነ ነው። ሥሩን ሳትቆርጪ ለመገመት፣ የተለያየ ጥልቀት ያላቸውን ቱቦዎች መጠቀም ይቻላል፤ አንዱን ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ሌላውን ጠባብ አድርገሽ 30 ሳንቲ ሜትር ብትተክዪ፣ ጥልቁ ቱቦ ቀጫጭን ሥሮችን ብቻ ነክቶ አዲስ ሥር እንዳይገባ ያግዳል። ይህም ቢሆን የደብሩን ፈቃድ ይጠይቃል። ካልተፈቀደ ይቅር፤ ጠቅላላ ትንፋሹን ለክተሽ ያልለየሽውን በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

በተጨማሪም በሦስቱም ቦታዎች አንድ ዓይነት ቅጠል፣ ለምሳሌ የብሳና፣ በመረብ ከረጢት አድርገሽ አስቀምጪ፤ ከ1፣ ከ3፣ ከ6፣ ከ9 እና ከ12 ወር በኋላ እያነሣሽ መዝኚ። ቅጠሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የፍጥነቱ ልዩነት የመጣው ከቦታው ነው ማለት ትችያለሽ። የየቦታውን የራሱን ቅጠል ደግሞ ለብቻው አድርጊ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የብሳና ቅጠል በአንድ ጥላ ሥር እንኳ እኩል አይበሰብሱም።


የደብር ደን ተማሪ፣ ጥር 15

ዛሬ ከቄሰ ገበዙ ጋር ደኑን ዞርኩ። የጉና ልጅ እንዳሉት፣ ከቅጥሩ በስተሰሜን ያለው ክፍል በሙሉ የመቃብር ቦታ ነው፤ በኅዳር ከወሰድኳቸው የደን ናሙናዎች አራቱ ከዚያ የመጡ ስለሆኑ ከስሌቱ አወጣቸዋለሁ። በስተምዕራብ፣ በዝግባዎቹ ሥር፣ ተቀብሮ የማያውቅ ቦታ አሳይተውኛል። ቱቦ መትከሉን ፈቅደዋል፤ ሥር የሚነካውን ጥልቁን ግን አልፈቀዱም፤ እኔም አልጠየቅሁም ማለት ይቻላል። ማሳውም እንደተገመተው ተዳፋት ሲሆን፣ ከግርጌው ዕድሜ ያለው የድንጋይ እርከን አለ። ባለ ማሳው ባለፈው ዓመት ሽምብራ፣ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጤፍ እንደዘራ ነግሮኛል፤ የቀረውን ከአባቱ ጠይቆ ሊነግረኝ ቀጠሮ ይዘናል። የመረብ ከረጢቶቹን በሚመጣው ሳምንት አስቀምጣለሁ።


የጉና ልጅ፣ ጥር 15

መልካም አድርገሻል። ከረጢቶቹን ከማስቀመጥሽ በፊት ግን የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ የሚውልበትን ቀን ጠይቂ። በዚያን ዕለት ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ በዛፎቹ ሥር ይቀመጣል፣ ያድራል፤ በመንገዱ ላይ የተተከለ ቱቦም ሆነ ከረጢት ሳይረገጥ አይተርፍም። ከመተላለፊያው ራቅ ባለ ቦታ አድርጊያቸው፤ ቦታቸውንም ለቄሰ ገበዙ በወረቀት ሥለሽ ስጫቸው።